45ቱ የአባዬ አክሲዮኖች

አባዬ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያሳጥርም። የልጆቹን ጤና፣ የመብራቱን ነገር፣ የአዳማን ነፋስ ሳይቀር ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ያን ቀን ግን «ደህና ነሽ» እንኳን ሳይል «ልጄ፣ አክሲዮኔን ቀነሱት» አለኝ።

ኅዳር 2017 ነበር። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ጓዳ ተቀምጬ የወሩን ደረሰኝ እየደረደርኩ ነው። ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው፤ ስድስት ሱቅ፣ ሁለት የእህል መጋዘን፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስቆጥር ስለምውል ቁጥር አያስደነግጠኝም ብዬ አስብ ነበር።

«ስንት ቀነሱት?»

«ከ1,000 ወደ 100። በደብዳቤ ነው የጻፉልኝ፣ ማኅተም አለው።»

ደነገጥኩ። አባዬ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ 31 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ባንኩ ገና እየተቋቋመ ነበርና በእጁ ካለው ላይ 20 አክሲዮን ገዛ። ከዚያ በየዓመቱ የሚደርሰውን ትርፍ ሳይቀምሰው ካፒታል ማሳደጊያ ላይ እያዋለ 45 አደረሰው። እያንዳንዷ አንድ ሺህ ብር። ሰርተፍኬቱን ላስቲክ አልብሶ ከሠርጋቸው ፎቶ ጀርባ ነው የሚያስቀምጠው፤ ለምን እዚያ እንደሆነ ጠይቄው «ሌባ ፎቶ አይሰርቅም» ብሎኛል።

ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። በቴሌግራም ላከው፣ ግማሹን ደብዳቤ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ። የሚታየው መስመር እውነትም ያስደነግጣል፦ ድንገተኛው ጠቅላላ ጉባኤ የአንድ አክሲዮን የተጻፈ ዋጋ ከብር 1,000 ወደ ብር 100 እንዲሻሻል ወስኗል። ቀጣዩ መስመር፣ የእያንዳንዱ ባለአክሲዮን የአክሲዮን ብዛት በአሥር እንደሚባዛ የሚለው፣ አውራ ጣቱ ሥር ነበር።

«አባዬ፣ ጣትህን አንሳና ደግመህ አንሳው።»

ደግሞ ላከ። እፎይ አልኩ። እሱ ግን እፎይ አላለም፤ ጣቱን አንስቶም ያነበበው የላይኛውን መስመር ነው። ማታ ደግሞ የእድር ጓደኛው፣ የዚያው ባንክ ባለአክሲዮን፣ እንኳን ደስ አለህ ሊሉት ቤቱ ሄዱ። እሳቸው የደብዳቤውን ርእስ ነበር ያነበቡት፦ «የአክሲዮን ክፍፍልን ይመለከታል»። በእኛ አገር ክፍፍል ማለት ትርፍ ነዋ። አንድ ደብዳቤ ይዘው አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ ሠርግ ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን እወቅሳለሁ። ስቶክ ስፕሊት የሚሉትን «የአክሲዮን ክፍፍል» ብለን ስንተረጉም ከትርፍ ድርሻ ክፍፍል ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ከተትነው። እኔ ሽንሸና ነው የምለው። መሬት ይሸነሸናል፤ ሲሸነሸን ሰፍቶ የሚያውቅ መሬት የለም፣ የጠበበም የለም። አጥሩ ነው የሚበዛው።

በማግስቱ ቅዳሜ ወንጂ ሄድኩ። ከቦርሳዬ አንድ ባለ 200 ብር አወጣሁና እናቴን አራት ሃምሳ ዘርዝሪልኝ አልኳት። አራቱን ሃምሳ አባዬ ፊት ደርድሬ «ደኸየሁ?» አልኩት።

አየኝ፣ ብሩን አየ፣ «አልደኸየሽም» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ግን ዝርዝር ብር ቶሎ ያልቃል።»

ይህቺን አባባል እየሳቅኩባት ነበር ከወንጂ የተመለስኩት። በኋላ ሳስባት ግን አባዬ ሳያውቀው ነገሩን ግማሽ በግማሽ ጨርሶታል።

ሒሳቡ ራሱ አጭር ነው። 45 ሲባዛ በ1,000 እና 450 ሲባዛ በ100 ሁለቱም 45,000 ነው። ከባንኩ ያለው ድርሻ በመቶኛ አልተነካም፣ ምክንያቱም የሁሉም ሰው አክሲዮን በአሥር ተባዝቷል። ጉባኤ ላይ እጁን ሲያወጣ የሚኖረው የድምፅ ክብደትም ያው ነው። እሱን ያስጨነቀው የመጨረሻው ነገር የትርፉ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ላይ በአንድ አክሲዮን 280 ብር ደርሶት ነበርና ባንኩ ያው ትርፍ ቢያተርፍ በቀጣዩ ዓመት 28 ብር የሚል ነው የሚያነበው። ይህን ቀድሜ ካልነገርኩት በሚቀጥለው ኅዳር ሌላ ስልክ ይደወልልኛል። ስለዚህ በሰርተፍኬቱ ላስቲክ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩለት፦ 280 ሲባዛ በ45 እኩል ይሆናል 28 ሲባዛ በ450፤ 12,600 ብር። ሁለት ጊዜ በራሱ ካልኩሌተር መታው።

እንግዲህ እኔ ሽንሸና ምን እንደሚያመጣ ቀድሞ የገባኝ በአባዬ ደብዳቤ አይደለም። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 2016 ላይ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ በምውልበት ካፌ ነው። ጎረቤታችን የሆነ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ስልኩ ላይ የአሜሪካ አክሲዮን መለማመጃ አውርዶ በዴሞ አካውንት፣ ማለትም በውሸት 50,000 ዶላር፣ ቀን ከሌት ይገዛል ይሸጣል። ዓርብ ዕለት የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ በጣም ተወዷል ብሎ አሥር አክሲዮን ሾርት አደረገ፣ ማለትም ሲረክስ ገዝቶ ሊመልስ ተበድሮ ሸጠ። ዋጋው 1,200 ዶላር አካባቢ ነበር።

ሰኞ ሰኔ 3፣ በእነሱ ጁን 10 ቀን 2024፣ የአሜሪካ ገበያ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ላይ ተከፈተ። ልጁ ጠረጴዛዬ ጋ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ! ወደቀ! 120 ገባ! 10,800 ዶላር!»

ስልኩን አየሁት፤ እውነትም አረንጓዴ ቁጥር ተሰልፏል። በአንድ ቀን የዓለም ትልቁ የቺፕ ኩባንያ ዘጠና በመቶ ወድቆ ካፌው ውስጥ ከእሱ በቀር የሰማ ሰው የለም። እሱ ግን በደስታ አራት ማኪያቶ አዘዘ። ትርፉ የውሸት፣ ማኪያቶው የእውነት።

የሆነው ኤንቪዲያ አንዷን አክሲዮን አሥር አድርጎ መሸንሸኑ ነው። ዓርብ 1,208 ዶላር ገደማ የዘጋችው አክሲዮን ሰኞ በ120 ቤት ተገበያየች። የልጁ መተግበሪያ ዋጋውን ወዲያው አስተካክሎ የእሱን ዕዳ ማስተካከል ዘግይቶ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ አረንጓዴው ጠፋ፤ በቦታው «100 አክሲዮን ሾርት፣ በ120» የሚል መጣ። ልጁ ተዘረፍኩ ብሎ ለኩባንያው ኢሜይል ሊጽፍ ነበር። አስቀመጥኩትና ስለ ጤፍ አወራሁት።

ሒሳባቸውን ከምይዝላቸው ሁለት መጋዘኖች የአንዱ ባለቤት፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ አንዳንድ ክረምት እህል ይበደራሉ። ሐምሌ ላይ ጤፍ ውድ ነው። ከዘመዳቸው አሥር ኩንታል ተበድረው በዚያው ዋጋ ይሸጡታል። ጥር ላይ አዲሱ ምርት ገብቶ ዋጋው ሲረግብ አሥር ኩንታል ገዝተው ይመልሳሉ፤ በመሀል ያለው ልዩነት የእሳቸው ነው። ዋጋው ረግቦ ካልጠበቃቸው ደግሞ ከኪሳቸው ጨምረው ይገዛሉ፣ ምክንያቱም በእህል የተበደረ በእህል ነው የሚመልሰው። ሾርት ማለት ይኸው ነው። የሌላ ሰው አክሲዮን ተበድሮ መሸጥ፣ ሲረክስ ገዝቶ መመለስ። ኪሳራው ወሰን የለውም የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ሲወጣ ግን ጣሪያ የለውም።

ታዲያ አንድ ጊዜ አዲስ የቀጠሩት ልጅ መዝገቡ ላይ «የሚመለስ ዕዳ 20» ብሎ ጻፈ። ጋሼ መጋዘኑን በጩኸት አናወጡት። «አሥር ነው የተበደርኩት! ማን ነው ሃያ ያደረገው?» ልጁ የቆጠረው በኩንታል ሳይሆን በሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ ነበር። ሃያ ማዳበሪያ፣ አሥር ኩንታል። ያው ጤፍ፣ ያው ዕዳ። ከዚያ ወዲህ መዝገባቸው ላይ «ኪሎ» የሚል ዓምድ ጨምሬያለሁ።

የካፌው ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ስለዚህ 10 አክሲዮን ነበር ያለብኝ፣ አሁን 100 አለብኝ፣ ግን እያንዳንዷ 120 ናት» አለ። አዎ። ሾርት ያደረገ ሰው ሽንሸና በመጣ ቁጥር አይከብርም፣ አይከስርም። ዕዳውን የሚቆጥርበት መስፈሪያ ነው የሚለወጠው። አክሲዮን ሾርት አድርጎ ሳለ ኩባንያው የገንዘብ ትርፍ ካከፋፈለ ግን ለአበዳሪው ያን ገንዘብ መተካት አለበት፤ ላም ተውሶ የሸጠ ወተቷንም ያስባል።

ሽንሸና ሾርተኞችን አይነካም ማለት ግን የሽንሸና ወሬ አይነካቸውም ማለት አይደለም። ቴስላ አንዱን አምስት አደርጋለሁ ብሎ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2020 ነው። ያን ቀን ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 1,374 ዶላር ነበር። ሽንሸናው ከመፈጸሙ በፊት በነበረው የመጨረሻ የገበያ ቀን፣ ኦገስት 28፣ በ2,213 ዘጋ። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ስልሳ በመቶ! ፋብሪካው ውስጥ በዚያ ሁለት ሳምንት አንድ ተጨማሪ ብሎን እንኳን ስለመግባቱ እጠራጠራለሁ፤ ሰዉ ርካሽ ልትሆን ነው ብሎ ውድ ሳለች ተሻማባት። ሾርት የነበሩት ያን ጊዜ ነው የተቃጠሉት፣ በሽንሸናው ሳይሆን በጭፈራው። ከዚያ ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን በአንድ ቀን ሃያ አንድ በመቶ ወደቀች፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ትገባለች ተብሎ ሲጠበቅ ሳትገባ ቀርታ። ያኔም ሾርት የነበረ ያተረፈው በሽንሸና ምክንያት አይደለም።

በነገራችን ላይ አፕልም አንዱን አራት ያደረገው ቴስላ በተሸነሸነበት በዚያው ቀን፣ ኦገስት 31 ቀን 2020፣ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2012 ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እኛ ጋ አዲሱ ብር ወጣ፣ ባለ 200 ኖትም ያኔ መጣ። እነሱ ሲዘረዝሩ እኛ ስንጠቀልል ማለት ነው። ያን ሰሞን የሱቆቹን አሮጌ ብር ቆጥሬ ባንክ ለማስገባት ስሰለፍ ይህን አላውቅም ነበር፣ አሁን ስጽፍ ነው የገጠመልኝ።

ስለ አፕል ካነሳሁ፦ ያ ልጅ አንድ ቀን ቻርት እያሳየኝ «እትዬ፣ አፕል ሲጀምር በአሥር ሳንቲም ነበር የሚሸጠው» አለኝ። አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕዝብ ሲቀርብ 22 ዶላር ነበር። ከዚያ ሦስት ጊዜ ለሁለት፣ አንድ ጊዜ ለሰባት፣ አንድ ጊዜ ለአራት ተሸነሸነ፤ ያኔ አንድ የገዛ ሰው ሳይነካት ቢቀመጥ ዛሬ 224 አለው። ቻርቱ የድሮውን ዋጋ ለ224 አካፍሎ ነው የሚያሳየው። ታሪክ ራሱ ይሸነሸናል። ለዚህ ነው የገዛችሁበትን ዋጋ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ የምለው፤ ኤንቪዲያን በ1,200 የገዛ ሰው አሁን መዝገቡ ላይ 120 ነው የሚያየው፣ ይህን ያላወቀ ሲሸጥ ሒሳቡ ይምታታበታል።

ወደ ኦፕሽን ልግባ። ይህ የአክስቴ ልጅ ርስት ነው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ማታ ኡበር ይነዳል፣ ቀን ኦፕሽን ይገበያያል፣ መቼ እንደሚተኛ አላውቅም። እኔ ጋ የሚደውለው ወይ ሲያተርፍ ወይ ነገር ሲምታታበት ነው።

ኦፕሽንን ለአገሬ ሰው ሳስረዳ ከቀብድ ነው የምጀምረው። እንበል አንድ ሰው አዳማ ውስጥ 400 ካሬ ቦታ አየ። «እስከ ሦስት ወር ድረስ በሁለት ሚሊዮን ብር እንድትሸጥልኝ» ብሎ ለባለቤቱ 50,000 ብር ከፈለ። በሦስት ወሩ የቦታው ዋጋ ሦስት ሚሊዮን ከገባ በሁለት ሚሊዮን ይገዛል፤ ከወደቀ 50,000ውን ትቶ ይሄዳል። ይህ መብት ኮል ኦፕሽን ነው። ሁለት ሚሊዮኑ ስትራይክ ይባላል። ከቀብድ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ የከፈለው ገንዘብ ከዋጋው ላይ አይታሰብለትም፣ ሻጩም በእኛ ሕግ እንዳለው እጥፉን መልሶ ማፈግፈግ አይችልም። ፑት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት።

አሁን ሦስቱ ወር ሳይሞላ ባለቤቱ ቦታውን ለአራት ከፍሎ አራት ካርታ አወጣበት እንበል። ገዢው ምን ይሁን? ፍርዱ ግልጽ ነው፤ በእያንዳንዱ 500,000 አራቱንም የመግዛት መብት አለው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ፍርድ የሚሰጠው ቺካጎ ያለው ኦፕሽንስ ክሊሪንግ ኮርፖሬሽን ነው። አንድ የኦፕሽን ውል እንደ ደንቡ 100 አክሲዮን ይወክላል። የአክስቴ ልጅ በ1,200 ስትራይክ አንድ የኤንቪዲያ ኮል ነበረው፣ 4,000 ዶላር ገደማ የከፈለበት። ሰኞ ጠዋት ሲነሣ በ120 ስትራይክ አሥር ውል ሆኖ ጠበቀው። አልከሰረም፣ አላተረፈም። ግን ደውሎ እንዲህ አለኝ፦

«ታውቂያለሽ? ዓርብ ብሸጥ ሁሉንም፣ ባልሸጥ ሁሉንም ነበር። ትናንት ሦስቱን ሸጬ ሰባቱን ይዣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝቼ አደርኩ።»

እንቅልፉ ከኤንቪዲያ ሳይሆን ከዝርዝሩ መጣ። አባዬ ዝርዝር ብር ቶሎ ያልቃል ያለው ነገር ከሌላው ወገን ሲታይ ይህ ነው፤ ዝርዝር ነገር ይለያያል፣ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን መያዝ ይቻላል።

ሁሉም ሽንሸና እንዲህ ንጹሕ አይወጣም። ኩባንያው ሁለቱን ሦስት ቢያደርግ፣ ውሉ አንድ ተኩል አይሆንም። ያኔ የውሉ ብዛት ሳይነካ በውስጡ ያለው አክሲዮን 150 ይሆናል፣ የ90 ዶላሩ ስትራይክ ወደ 60 ይወርዳል። ሁለቱንም አባዙት፣ 9,000 ነው። አክሲዮኑን ራሱን የያዘ ሰው ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ካለው የተረፈችውን ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ይወስዳታል።

የአክስቴን ልጅ ሊበላው የነበረው ግን የተገላቢጦሹ ሽንሸና ነው፣ አሥሩን ሰብስቦ አንድ ማድረግ። ይህን ትልልቆቹም ያደርጉታል፤ ሲቲግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2011 አሥሩን አንድ፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2021 ስምንቱን አንድ አድርገዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያደርገው ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ናስዳክ የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ አስወጣሃለሁ ያለው ኩባንያ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ሽንሸና ሲሰማ ምንም ስሜት አይሰጠኝም፣ ሰብሰባ ሲሰማ ግን በር እመለከታለሁ።

ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ ኩባንያ በ60 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። የአክስቴ ልጅ በ1 ዶላር ስትራይክ ሁለት ኮል ነበረው። ኩባንያዋ አሥሩን አንድ አደረገች፣ ዋጋው ስድስት ዶላር ሆነ። በእኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ስሚኝ፣ ስትራይኩ አሁንም 1 ዶላር ነው ይላል፣ አክሲዮኗ 6 ዶላር ናት! ውሉ ደግሞ ርካሽ ነው። ሃያ ልጨምር?»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ አገር የኖረው ሃያ ዓመት ነው፣ እኔ ከሞጆ አልፌ ያደርኩበት ቀን ይቆጠራል፤ የሚጠይቀው ግን እኔን ነው። «ከስሙ ጎን የተጨመረ ነገር አለ?» አልኩት። «አንድ ቁጥር አለች» አለ። «በል የውሉን ማስተካከያ ማስታወቂያ ፈልግና አንብብልኝ፣ በአንድ ውል ውስጥ ስንት አክሲዮን አለ?»

ዝም አለ። የወረቀት ድምፅ የለም፣ የመዳፊት ጠቅ ጠቅ ብቻ። «አሥር» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

አሥር። በሰብሰባ ጊዜ ስትራይኩም የውሉ ብዛትም እንዳለ ይቀመጣል፣ በውሉ ውስጥ ያለው አክሲዮን ነው ከ100 ወደ 10 የሚወርደው። መብቱን ልጠቀም ቢል እንደ ድሮው 100 ዶላር ይከፍላል፣ የሚቀበለው ግን 60 ዶላር የምታወጣ አሥር አክሲዮን ነው። ርካሽ የመሰለው በትክክል ዋጋው ስለሆነ ነው። ይህን ዓይነቱን የተስተካከለ ውል ደግሞ የሚገዛ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ገበያተኛው ወደ አዲሱ፣ 100 አክሲዮን ወዳለው ውል ይሄዳል። ሃያውን አልጨመረም። ሁለቱ ያው ጊዜያቸው አልፎ ሞቱ።

አያችሁ፣ አባዬ ዋጋውን አይቶ ብዛቱን አላየም፤ የካፌው ልጅም እንደዚያው። የመጋዘኑ ጋሼ ብዛቱን አይተው መስፈሪያውን ረሱ። የአክስቴ ልጅ ስትራይክና ዋጋ አይቶ የውሉን ሆድ አላየም። ሁሉም ያዩት ቁጥር ትክክል ነበር፤ አንድም የሐሰት ቁጥር የለም።

አገራችን ውስጥ ኦፕሽንም ሾርትም ገና የአክሲዮን ገበያ ወግ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ራሱ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፣ ከአባዬ ደብዳቤ በኋላ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ደርግ በ1967 ኩባንያዎቹን ሲወርስ ተቋርጦ ቆይቷል፤ አባዬ «መንግሥት ወረቀቴን ይወስዳል» የሚለው ስጋት ከዚያ ነው የመጣው፣ ያኔ የሱ ፋብሪካም ከሆላንዶቹ ተወርሷል። የተጻፈ ዋጋ ማውረድ ለእኛ የሚጠቅመው መግቢያ በሩን ዝቅ በማድረጉ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲያቀርብ ዋጋው ትንሽ ይምሰል እንጂ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። በቴሌብር 33ቱን ስገዛ የብረታ ብረት ሱቁ የቀን ሠራተኛ አጠገቤ ቆሞ «አንዷን ብቻ አይሸጡም?» ብሎ ጠይቆኛል። አይሸጡም። ስለዚህ የአንዷ ዋጋ ብቻውን ማን እንደሚገባ አይወስንም፣ ስንት ካልገዛህ አትግባ የሚለውም ይወስናል።

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት የኩባንያውን የበርክሻየርን ኤ አክሲዮን አንድም ጊዜ አልሸነሸነም፤ ለአነስተኛው ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ቢ የሚባለውን አወጣ፣ እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሃምሳ ሸነሸነው። ይህን ለአባዬ ነገርኩት። «ብልህ ሰው ነው፣ ሺህ ብር ሺህ ብር ሲሆን ነው የሚያምረው» አለ።

ከዚያ ግን ጥር ላይ ለጥምቀት አራታችንም ልጆቹ ወንጂ ተሰበሰብን። ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ አባዬ ከፎቶው ጀርባ ላስቲኩን አወጣ። ስለ ኑዛዜ ሊያወራ እንደሆነ ገባን፤ በፊትም አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። ያኔ 45ቱ ለአራት ሲካፈል 11 11 ደርሶ አንዷ ተረፈች። አንዷን ለማን? ታላቅ ወንድሜ ለታናሽ ይሁን አለ፣ ታናሽ እህቴ አልቀበልም አለች፣ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን አለች፣ አባዬ ተናዶ ላስቲኩን መልሶ ቆልፎት ነበር።

አሁን 450 ነው። እስክሪብቶ ይዞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ካልኩሌተሩን እየመታ ብዙ ቆየ።

«112፣ 112፣ 112፣ 112» አለ። ቀና አለና አየን። «ሁለት ተረፈ።»

ማንም ለመናገር አልደፈረም። ወንድሜ ሲኒውን አስቀመጠ። እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል አባዬ እጁን አነሣ።

«ቆዩ» አለ፣ ላስቲኩን እያጠፈ። «ባንኩ አንዴ ደግሞ ለሁለት ይሸንሽነው። ያኔ እኩል ይደርሳችኋል።»

ካልኩሌተሩን ተቀብዬ መታሁት። 900 ሲካፈል ለ4፣ 225።